ዌብ ፕሮግራሚንግ ከምን ጋር ይነጻጸር? በስፋት ለተጋራ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፕሮግራመሮች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ዋና ሐሳቡ ዌብ ፕሮግራሚንግ ከሌሎቹ የፕሮግራሚንግ ዘርፎች ሁሉ ዝቅ ያለ፣ ሥርዓት የሌለውና ለጀማሪም የማይበጅ ሥራ ነው የሚል ነው። ጸሐፊው ሙያውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ይታያል፤ በዚህም ምክንያት በርካታ ጀማሪዎች ጽሑፉን እንደ መመሪያ ወስደው «ዌብን ትቼ ሲ ቋንቋን ልማር?» እያሉ ሲጠይቁ አይቻለሁ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው። እኔ ለዓመታት በሲ ፕላስ ፕላስ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችን ስጽፍ ቆይቼ ወደ ዌብ የተሻገርኩ ነኝ፤ ሁለቱንም ወገን ሠርቼባቸዋለሁ፣ ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ነጥቦች ሳላዛባ ላስቀምጥ። የድረ ገጽን ይዘት የሚያደራጀውን ኤችቲኤምኤልንና መልኩን የሚወስነውን ሲኤስኤስን መጻፍ ምልክት መለጠፍ እንጂ ፕሮግራሚንግ አይደለም ይላሉ። ጃቫስክሪፕት በ10 ቀናት ተቻኩሎ የተሠራና በተቃርኖ የተሞላ ቋንቋ ስለሆነ፣ እንደ ጃቫና አዳ ካሉ ጥብቅ የታይፕ ሥርዓት (የእያንዳንዱ መረጃ ዓይነት፣ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ አስቀድሞ እንዲታወቅ የሚያስገድድ ደንብ) ካላቸው ቋንቋዎች ጎን ሊቆም አይገባም ይላሉ። በዌብ የተሠራ ነገር ሁሉ ቀርፋፋ ነው፤ የራሱ የሆነ የፕሮግራሚንግ ዘይቤም የለውም፣ ከየቦታው የተለቃቀመ ድሪቶ ነው ይላሉ። መሣሪያዎቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ የተማሩት ዕውቀት ወዲያው ያረጃል፣ ደኅንነቱም አያስተማምንም ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ተነስተው የሚደርሱበት መደምደሚያ ጀማሪ ሰው በሲ ቋንቋ ጀምሮ ዌብን በመጨረሻ፣ ያውም ካስፈለገው ብቻ መንካት አለበት የሚል ነው።

እነዚህን ነጥቦች በየተራ ከማየቴ በፊት የሁሉም መነሻ የሆነውን ስህተት ላንሳ። ጽሑፉ ዌብን በአንድ ወገን፣ ሲን፣ ጃቫንና ፓይተንን በሌላ ወገን አሰልፎ ያወዳድራል። ሲና ጃቫ ቋንቋዎች ናቸው። ኦብጀክት ኦሪየንትድ (ፕሮግራምን መረጃንና ተግባሩን አብረው በያዙ ኦብጀክቶች መገንባት) እና ፈንክሽናል (ግብዓት ተቀብለው ውጤት በሚመልሱ ፈንክሽኖች መገንባት) የምንላቸው ደግሞ የአስተሳሰብ ዘይቤዎች ናቸው። ዌብ ከሁለቱም ወገን አይመደብም። ዌብ ማለት አንድ ፕሮግራም የሚኖርበት ሁኔታ ነው፤ የኮዱ ከፊል በማናውቀው ሰው ስልክ ላይ፣ ከፊሉ በሰርቨር፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ መልስ በሚሰጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራበት፣ በመካከላቸውም በማንኛውም ሰዓት ሊቆራረጥ የሚችል ኔትወርክ የተዘረጋበት ሁኔታ። የሰርቨሩ ክፍል በጃቫ፣ በጎ፣ በፒኤችፒ ወይም በሲ ሊጻፍ ይችላል፤ በሰፊው የሚታወቀው ኤንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር ራሱ የተጻፈው በሲ ነው። ስለዚህ «ዌብ ይሻላል ወይስ ሲ?» ብሎ መጠየቅ «የባሕር ጉዞ ይሻላል ወይስ ብረት?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መርከቧ ከብረት ልትሠራ ትችላለች፤ ማዕበሉን ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ኤችቲኤምኤል እንደ ሲ ያለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አይደለም መባሉን እቀበላለሁ። ቅድመ ሁኔታ የሚፈትሽበት፣ አንድን ሥራ የሚደጋግምበት መንገድ የለውም፤ የሰነድን አደረጃጀት የሚገልጽ ቋንቋ ነው። ችግሩ ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ አእምሮ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም» ወደሚለው መዝለላቸው ነው። በፕሮግራሚንግ ውስጥ ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ የሚያደርገውን ማዘዝ ሲሆን ሁለተኛው የሚፈለገውን ውጤት ገልጾ አፈጻጸሙን ለማሽኑ መተው ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ዲክላሬቲቭ ይባላል። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረቡት፣ መረጃን በሰንጠረዥ በሚያደራጀው የሪሌሽናል ሞዴል ላይ የቆመው ኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ መረጃው ከዲስክ ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነበብ አንነግረውም፣ የምንፈልገውን ብቻ እንገልጻለን። የዳታቤዝ ባለሙያን ግን በዚህ ምክንያት ከፕሮግራመርነት የሚሰርዝ ሰው አላየሁም።

ሲኤስኤስም እንዲሁ ነው። ሆኮን ቪውም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሐሳቡን ሲያቀርቡ የገጹ አዘጋጅም አንባቢውም ስለ ገጹ መልክ የየራሳቸውን ፍላጎት እንዲናገሩ፣ ፍላጎታቸው ሲጋጭ ደግሞ በታወቀ ደንብ እንዲዳኝ ነበር ያሰቡት። በዴስክቶፕ ዘመኔ በመስኮት ላይ ያሉ አዝራሮችን በፒክስል ቁጥር እየለካሁ አስቀምጥ ነበር፤ ተጠቃሚው የፊደሉን መጠን ባሳደገ ቁጥር ጽሑፉ ከአዝራሩ ተርፎ ይቆረጥ ነበር። ሲኤስኤስን ስማር መጀመሪያ የከበደኝ ይህን የመለካት ልማድ መተው ነው። የማላየውን ስክሪን ስፋት፣ የማላውቀውን የፊደል መጠን፣ ምናልባትም ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ቋንቋን ሁሉ የሚያስተናግድ ደንብ ማውጣት ከትእዛዝ ጽሑፍ የቀለለ ሥራ አይደለም። ኤችቲኤምኤልም ቢሆን አንድ ነገር «አዝራር» ተብሎ በትክክለኛ ስሙ ሲጻፍ በኪቦርድ የሚሠራ ሰውም፣ የስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውርም ያለ ተጨማሪ ኮድ ያገኘዋል፤ ያንኑ አዝራር በባዶ ሳጥን አስመስሎ የሠራ ሰው ግን ይህን ሁሉ በእጁ መልሶ መጻፍ ይኖርበታል።

በጃቫስክሪፕት ላይ ጸሐፊው የሰነዘሩት ትችት ከፊሉ ትክክል ነው። ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያውን ናሙና በ10 ቀናት ጽፈውታል። ባዶ ጽሑፍና 0 ቁጥር በሁለት የእኩል ምልክት ሲነጻጸሩ «እኩል ናቸው» ማለቱ መጥፎ ውሳኔ ነው። ነል የተባለው ባዶ ዋጋ ዓይነቱ ሲጠየቅ «ኦብጀክት» ብሎ መመለሱም ስህተት ነው፤ ያሉ ድረ ገጾችን እንዳያበላሽ ተብሎ እስከ ዛሬ አልታረመም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም።

ሆኖም ጸሐፊው የጃቫስክሪፕት ጉድ ብለው ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 መሆኑ ነው። ይህ የጃቫስክሪፕት ጠባይ አይደለም። ፓይተንም፣ ጃቫም፣ ሲም በተለመደው ባለ 64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር ሲያሰሉ ያንኑ ያመጣሉ፤ ሁሉም የሚከተሉት አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለውን ደረጃ ነውና፣ 0.1 ደግሞ በሁለትዮሽ አቆጣጠር ልክ 1 ሦስተኛ በአስርዮሽ እንደማያልቅ ሁሉ አያልቅም። በአንድ ቋንቋ ላይ የሚቀርብ ክስ ተከሳሹን ከሌሎቹ የሚለይ ነገር ሊኖረው ይገባል።

የ10 ቀናቱ ታሪክም ሲነገር ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል። አይክ በነዚያ ቀናት ከስኪም ቋንቋ ፈንክሽንን እንደ ማንኛውም ዋጋ የማስተላለፍን ሐሳብ፣ ከሰልፍ ቋንቋ ደግሞ ያለ ክላስ (ያለ አስቀድሞ የተዘጋጀ ንድፍ)፣ በፕሮቶታይፕ (ከሌላ ኦብጀክት በቀጥታ) የሚወራረስ ኦብጀክትን ወስደዋል። ሁለቱም በምርምር ዓለም ለዓመታት የተፈተኑ ሐሳቦች ነበሩ። ጸሐፊው እንደ አርአያ የጠቀሱት ጃቫ ላምዳ የተባለውን፣ ስም የሌለው ፈንክሽን በአጭሩ የሚጻፍበትን አጻጻፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስም በ2011። በፈንክሽን የማሰብ ልምድን ለብዙኃኑ ፕሮግራመር ያደረሰው፣ ጸሐፊው የናቁት ይኸው ቋንቋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ታይፕ ጥብቅነትም አንድ ነገር ልበል። እኔ ራሴ ታይፕ ያለበት ኮድ እመርጣለሁ፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረገውን ታይፕስክሪፕትን በየቀኑ እጠቀማለሁ፣ እሱን ከቀረጹት ሰዎች መካከልም ቀደም ሲል ቱርቦ ፓስካልንና ሲ ሻርፕን የሠሩት አንደርስ ሄይልስበርግ ይገኙበታል። ነገር ግን ታይፕ ትክክለኛነትን ያረጋግጣል ማለት ሌላ ነው። አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከተነሳች 40 ሰከንድ ገደማ ሳይሞላት የጠፋችው ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ቁጥር ሲቀየር ሞልቶ በመፍሰሱ ነበር፤ ኮዱም የተጻፈው ጸሐፊው ባሞገሱት በአዳ ነው። ለአሪያን 4 በቂ የነበረው ኮድ ወደ አዲሲቱ ሮኬት ሲዛወር የበረራዋ ፍጥነት የተለየ መሆኑን ያሰበ አልነበረም፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለርም ይህን ሊያውቅ አይችልም። በሌላ በኩል «መጫወቻ» የተባለው ጃቫስክሪፕት በጄምስ ዌብ የኅዋ ቴሌስኮፕ ላይ የምልከታ ሥራዎችን ቅደም ተከተል የሚመሩ ስክሪፕቶች የተጻፉበት ቋንቋ ነው። መሠረታዊው የበረራ ሶፍትዌር በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ፣ በየጊዜው መለወጥ ያለበት ክፍል በስክሪፕት መሠራቱ ሁለቱ ቋንቋዎች እንዴት ተደጋግፈው እንደሚኖሩ ያሳያል።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ብዙ ድረ ገጾች አላስፈላጊ ኮድ ተሸክመው እንደሚንቀራፈፉ እቀበላለሁ፤ ይህ ግን የሠሪዎቹ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከክሮም ብራውዘር ጋር የወጣው ቪ8 የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ጃቫስክሪፕትን ወደ ማሽን ቋንቋ እየለወጠ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. ከታህሣሥ 2019 ጀምሮ ይፋዊ የዌብ ደረጃ የሆነው ዌብ አሴምብሊ ደግሞ በሲ ፕላስ ፕላስና በረስት የተጻፈ ኮድ በብራውዘር ውስጥ እንዲሠራ አስችሏል። ከሁሉ በላይ ግን ተጠቃሚው የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከስሌት የሚመጣ አይደለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሰርቨሩ 10,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ይህን በየትኛውም ቋንቋ ተጽፎ ሊያሳጥረው የሚችል ኮድ የለም፤ የሚቻለው ምልልሱን መቀነስ ነው፣ እሱም የዌብ ፕሮግራመሩ ዋና ሥራ ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም ዌብ የራሱ ዘይቤ የሌለው ድሪቶ ነው የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ የማልስማማበት ነው። ከዓመታት በፊት ከሠራኋቸው የመጀመሪያ የዌብ ሥራዎች አንዱ የዕቃ ማዘዣ ገጽ ነበር። በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንከን አልነበረበትም። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን አንዳንድ ደንበኞች ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ተቆርጦባቸው ተገኘ፤ ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኔትወርኩ ሲዘገይ ሰዎቹ አዝራሩን ደግመው ይጫኑ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ተመዝግቧል፤ በመንገድ የጠፋው መልሱ ነበር።

ከዴስክቶፕ ፕሮግራሚንግ ይዤው የመጣሁት አስተሳሰብ የፈረሰው ያን ጊዜ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አንድን ፈንክሽን ስጠራ የምጠብቀው ሁለት ውጤት ነው፤ ወይ ተሳክቷል፣ ወይ አልተሳካም። በኔትወርክ ላይ ሦስተኛ ውጤት አለ፤ ሆኖ ይሆን ወይስ አልሆነ ማወቅ የማልችልበት። ስለዚህ ኮዱ የሚጻፈው ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደ ደረሰ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ልዩ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩም ያየውን ቁጥር ዳግም አያስተናግድም። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ራሱ ይህን ልዩነት በደንቡ ውስጥ አካትቷል። ጌት የተባለው የጥያቄ ዓይነት መረጃ ከማምጣት በቀር ምንም እንዲለውጥ አይጠበቅበትም፣ ፑትና ዲሊት ቢደጋገሙ ጉዳት የላቸውም፣ ፖስት ግን ይህ ዋስትና የለውም። ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ሬስት ብለው የሰየሙት የአሠራር ዘይቤም ሰርቨሩ የደንበኛውን ያለፈ ንግግር በአእምሮው እንዳይዝ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ለመረዳት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ እንዲመጣ ያዛል። ይህ በግልጽ የተሰመረ ዘይቤ ነው። ማሽን ቢሞት ሌላው ማሽን ሥራውን የሚቀጥለው በዚህ ዘይቤ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት እምነት ነው። በዴስክቶፕ ፕሮግራም ውስጥ የራሴን ፈንክሽን አምነዋለሁ። በዌብ ላይ ግን የፕሮግራሜ ግማሽ በተጠቃሚው እጅ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ኮዱን ከፍቶ ማንበብ፣ መለወጥና የፈለገውን መረጃ ወደ ሰርቨሩ መላክ ይችላል። በብራውዘር ውስጥ የሚደረገው ማጣሪያ ለተጠቃሚው ምቾት የሚደረግ ነው፤ ሰርቨሩ ሁሉንም እንደ አዲስ መመርመር አለበት። እንዲህ ዓይነቱ ጥንቃቄ በነባር ቋንቋዎች መማሪያ ላይ ዳር ዳሩን ሲነካ ያየሁት እንጂ እንደ መነሻ ሲቀመጥ ያየሁት አይደለም። ለፍትሐዊነት ያህል፣ በኤሪክሰን ኩባንያ የስልክ ማዞሪያዎችን ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተፈጠረው ኤርላንግ የተባለው ቋንቋ የመቆራረጥንና የመውደቅን ጉዳይ ከዌብ ቀድሞ አስቦበታል፤ ዌብ ይህን ችግር የፈጠረውም በመጀመሪያ የፈታውም አይደለም። ያደረገው ችግሩን የጥቂት መሐንዲሶች ጉዳይ ከመሆን አውጥቶ የእያንዳንዱ ፕሮግራመር ጉዳይ ማድረግ ነው።

ድሪቶ ነው ከተባለም፣ ሌሎቹ ዘርፎች ከዚህ ድሪቶ ሲወስዱ አይተናል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ሪአክት በስክሪን ላይ የሚታየው ነገር ሁልጊዜ ከፕሮግራሙ መረጃ ተሰልቶ እንዲወጣ፣ ፕሮግራመሩም ስክሪኑን በእጁ ከመለዋወጥ ይልቅ መረጃውን ብቻ እንዲለውጥ አደረገ። ዛሬ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩባቸው ፍላተር፣ ስዊፍት ዩአይና ጄትፓክ ኮምፖዝ በዚሁ አስተሳሰብ የሚሄዱ ናቸው፤ ፍላተር ከሪአክት መማሩን ራሱ ይናገራል።

መሣሪያዎቹ በየጊዜው ይለዋወጣሉ የሚለውን ቅሬታ ግን እጋራለሁ፤ በዚህ የተሰላቸሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቢሆንም የሚለዋወጠው ላይኛው ሽፋን ነው። በሰርን የምርምር ማዕከል የተሠራው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ዛሬም በየትኛውም አዲስ ብራውዘር ይከፈታል። የጃቫስክሪፕት ደረጃ አውጪዎች አንድ ጽሑፍ በሌላው ውስጥ መኖሩን የሚፈትሽ ፈንክሽን «ኮንቴይንስ» ብለው ሊሰይሙ ሲሉ፣ ሙቱልስ የተባለውን የቆየ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ስብስብ) የሚጠቀሙ ገጾች እንደሚበላሹ ስለታየ ስሙን «ኢንክሉድስ» ብለው ቀየሩት። በአንጻሩ ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 3ኛው እትም ሲሸጋገር አሮጌውን ኮድ የማይቀበል ሆነ፤ ሽግግሩም ከአስር ዓመት በላይ ፈጅቶ የ2ኛው እትም ድጋፍ የቆመው ጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነበር። የፓይተን ሰዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሆኖም በመረጋጋት ሚዛን ዌብ ብቻውን የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

ደኅንነትን በተመለከተም መልሱ ተመሳሳይ ነው። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽንን (በገጹ ቅጽ በኩል የዳታቤዝ ትእዛዝ አስርጎ ማስገባትን) የመሳሰሉ የዌብ ጥቃቶች እውን ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ኮድ ፕሮግራመሮች ኮድ ከሚጋሩበት ማከማቻ ሲወገድ በርካታ ፕሮጀክቶች መገንባት ማቆማቸውም የሚያሳፍር ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ኢንተርኔትን ያወከው ሞሪስ ዎርም የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ፣ በ2014 የተገለጸው የሃርትብሊድ ቀዳዳም፣ ሁለቱም በሲ ከተጻፈ ኮድ የሜሞሪ ወሰን ማለፍ የመጡ ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ የሜሞሪ ስህተቶች ናቸው። በሰው ኮድ ላይ የመደገፍ አደጋም እ.ኤ.አ. በ2021 በጃቫው ሎግ ፎር ጄ ላይብረሪ፣ በ2024 ደግሞ በሲ በተጻፈው ኤክስዜድ የተባለ የፋይል ማመቂያ ላይ ታይቷል።

የቀረው የጀማሪው ጉዳይ ነው። ሜሞሪ እንዴት እንደሚሠራ፣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻን የሚይዝ ዋጋ) ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሲን መማርም አንድም ቀን አልጸጸተኝም። የምቃወመው ሲን እንደ መግቢያ ፈተና ማስቀመጥን ነው። ብራውዘር ያለው ሰው ምንም ሳይጭን ኮድ መጻፍና ውጤቱን ወዲያው ማየት ይችላል። አንድ ቅጽ ሠርቶ መረጃውን ወደ ሰርቨር ከላከና ዳታቤዝ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ፣ በሲ ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ በር) ከፍቶ፣ ከብራውዘሩ የሚመጣውን የኤችቲቲፒ ጥያቄ እንደ ተራ ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚሰጥ ትንሽ ሰርቨር ቢጽፍ፣ የተላከው መረጃ ርዝመት ካዘጋጀው የሜሞሪ ስፋት ሲበልጥ ምን እንደሚፈጠር በዓይኑ ያያል። ሲ ለምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው ያኔ ነው፤ ጥያቄው የራሱ ይሆናልና።

ጸሐፊው ለዚህ ምላሽ መልስ የሚጽፉ ከሆነ አንድ ነገር እንዲያብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እርሳቸው ባቀረቡት የትምህርት ቅደም ተከተል የሄደ ተማሪ፣ የላከው ትእዛዝ ደርሶ መልሱ ብቻ በመንገድ የመቅረቱን ጉዳይ የሚያገኘው በስንተኛው ዓመት፣ በየትኛውስ ትምህርት ውስጥ ነው?